በርሜሉ ሲፈላ

አንደኛው ሚዜ ከዳሱ ሮጦ ወጣና አጥሩን ተደግፎ አስመለሰ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«አይ የሞጣ ልጅ! ጠጅ እንኳ አትችሉም እንዴ?» አለ አንዱ የቢቸና ቀልደኛ፤ ዳሱ በሳቅ አውካካ። የሙሽሪት እናት ሀብትነሽም ከጓዳው በር ላይ ቆማ ፈገግ አለች። ወዲያው ሁለተኛው ሚዜ ወጣ። ቀጥሎ የሙሽራው አክስት ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ሆዳቸውን ይዘው ተነሡ፤ በር ሳይደርሱ ተንበረከኩ። ከዚያ ወዲያማ ማን ይሳቅ!

መቼም ሰርግ ቤት አንድ ሰው ቢያስመልስ ጠጅ በዛበት ይባላል። የዳሱ ግማሽ ሲያስመልስ ግን የሚባለው ሌላ ነው። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ብቻ ቃሉ ከሞጣዎቹ፣ ከሙሽራው ወገን ተነሥቶ፣ ከአፍ ወደ ጆሮ እየዞረ ጓዳ ገባ።

«መርዝ ነው።»

ሀብትነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንዲት ልጇን ሰብለ ወንጌልን ብቻዋን ነው ያሳደገችው። ዘንድሮ ደግሞ ጾሙ ቀድሞ የሚገባ ሆነና ሰርጉ ተጣደፈ። በዚያ ላይ ትልቁ ጋን በወይራ ሲታጠን ቷ ብሎ ተሰነጠቀ። ጋን ይውሰዱ የሚላት ጎረቤት እንኳ አልነበረም፤ በጥር የማን ጋን ሥራ ይፈታል? የባሏ ወንድም ዳምጤ ነው የደረሰላት። አዲስ ነጭ የቆርቆሮ በርሜል፣ ፊት እንደ መስታወት የሚያሳይ፣ አሸክሞ መጣ።

«እታለም፣ ጋን ይሰበራል። ይኸ ይሰበራል?» አለና በጡጫው ድው አደረገው።

ጠጁን እዚያ ውስጥ ጣለችው። ቶሎ እንዲደርስ ብላም ምድጃው ጥግ አስጠጋችው። በማግስቱ ክዳኑን ስታነሣ የበርሜሉ ግድግዳ ዙሪያውን ጤፍ በሚያካክል አረፋ ተሸፍኗል! በእሳቱ በኩል ያለውማ ይንፎለፎላል።

«ፈላልኝ! ልጄ፣ ጠጁ ፈላልኝ!» ብላ እልል አለች።

አሁን በዚያው በርሜል አጠገብ ቆማ ከውጭ የሚያስመልሱትን ትሰማለች።

ድሬሰር ገለታ፣ ከወለጋ ተመድቦ የመጣው የክሊኒኩ ሠራተኛ፣ ከእንግዶቹ አንዱ ነበር። የታመሙትን አንድ በአንድ አየና ጓዳ ገብቶ ጠጁ እንዴት እንደተጣለ ጠየቃት፤ የአረፋውንም ነገር ነገረችው። በርሜሉን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ውስጡን በጣቱ ጠረገው። ያ ሁሉ የሚያብረቀርቅ ነጭ የለም። በምድጃው በኩል ያለው አመድ መስሏል፣ ሸካራ ሆኗል።

«እትዬ፣ መርዝ ያደረገበት ሰው የለም» አላት። «ጠጅ ይኮመጥጣል፤ አሲድ አለው። አሲድ ደግሞ ይህን ነጩን ልባስ ይበላዋል። ያዩት አረፋ የዚያ ነው። ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል፣ ይፈጥናል። እነሱ የጠጡት የሟሟ ቆርቆሮ ነው።»

«ይገድላል?»

«የለም፣ ያስመልሳል። ነገ ይነሣሉ።»

ነገ! ሞጣዎቹ በቅሎ እየጫኑ ነው እኮ። ሰብለ ወንጌል ሙሽራ ልብሷን እንደለበሰች፣ የማትጠየቅ፣ የማትወሰድ ሆና ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ዛሬ ጥለዋት ከሄዱ የመርዘኛ ልጅ ተብላ ትቀራለች። ከታመሙት አንዱ ቢከፋበት ደግሞ ደም ነው።

ገለታ ወጥቶ ለሙሽራው አባት ለግራዝማች ኃይለ ሚካኤል ያንኑ ነገራቸው። ግራዝማች ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሙት።

«ቆርቆሮ ሟሟ?»

«አዎ፣ ግራዝማች።»

«የእኔ ጣራ ቆርቆሮ ነው። ስንት ክረምት ሲወርድበት አልሟሟም። የሀብትነሽ ጠጅ ከእግዜር ዝናም በረታ?»

ሞጣዎቹ ሳቁ። ሳቁ ግን ጥርስ ነበረው።

ገለታ ደንግጦ «ሎሚም አሲድ ነው፣ እዩት» ብሎ ሎሚ አስመጣ። ከጣራ የተረፈ ቁራጭ ቆርቆሮ አገኘ፤ ሎሚውን ጨመቀበት። ሁሉም ከበው አጎነበሱ። ሀብትነሽም በልቧ «ፍላ፣ እባክህ ፍላ» አለችው። ምንም የለም። ሎሚው ቆርቆሮው ላይ ቁጭ ብሏል፣ እንደ ውሃ።

«ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል» አለ ገለታ። «በርሜሉ እኮ ከእሳት አጠገብ ሰንብቷል...»

«እኛ ጊዜ የለንም» አሉ ግራዝማች። «ለመሆኑ አንተ ለምን ሳትጠጣ ቀረህ?»

«እኔ ጠጅ አልጠጣም። ሚሲዮን ነው ያሳደገኝ።»

«እንዴት ያለ ዕድለኛ ነህ!»

ዳምጤን ሀብትነሽ በዓይኗ ፈለገችው፤ በርሜሉን ያመጣው እሱ፣ የአጥሩን ዘንግ ይቆጥር ይመስል ጀርባውን ሰጥቷል።

ግራዝማች ወደ እሷ ዞሩ። ከጧት ጀምሮ «እርስዎ» ሲሏት የዋሉ ሰውዬ፣ «ቅመሽው» አሏት።

«ስቀዳ በመዳፌ ቀምሻለሁ፣ ግራዝማች። እርስዎም አይተዋል።»

«የመዳፍ ጠብታ ዝንብም አይገድል።»

ሀብትነሽ ጓዳ ገብታ ብርሌ አነሣች። ገለታ ተከትሏት ገባ፤ ክንዷን ያዛት።

«እትዬ፣ ይተዉ! ያስመልስዎታል እኮ። ያኔ ደግሞ ‹ይኸው መርዝ ነው› ይላሉ።»

«ባልጠጣስ?»

ገለታ ክንዷን ለቀቀ።

ሀብትነሽ ከበርሜሉ፣ ከምድጃው በኩል፣ ብርሌውን እስከ አንገቱ ሞላችው። ዳሱ መካከል ቆማ፣ ግራዝማችን እያየች፣ አንድም ሳታስቀር ጨለጠችው። አፏን ጨመደደው፤ የጌሾ ምሬት አልነበረም፤ ሳንቲም እንደመላስ ያለ ነው። ባዶውን ብርሌ ገልብጣ አሳየቻቸው።

ልጇ «እማዬ» አለች፤ እሷ ግን አልዞረችም። ወደ ጓዳዋም አልተመለሰችም። ሕመምተኞቹ ወደተኙበት ምንጣፍ ሄዳ ከወይዘሮ ወለተ ገብርኤል አጠገብ ተቀመጠች፣ መቀነቷን ላላ አደረገች፣ ከፊታቸው ያለውን የማስመለሻ ገበቴ ወደ ሁለቱም መካከል ሳብ አድርጋ መጠበቅ ጀመረች።