ለእህቴ ነው የማወራው

«ለመድን ብሎ የቤቱን አድራሻ የሰጠ ሰው አከራዩ ጋ ይደወልበታል» አለ ገንዘብ ያዡ፣ ዛሬም እንደ ትናንቱ። «ቤቱ መሥሪያ ቤት ሆኗል ይባልና ኪራዩ እጥፍ ይሆናል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

«አንተ ወሬህን ባንክ አስገባው፤ ወለድ ይወልድልሃል» አለችው የመድን ጉዳይ ያዥዋ፣ ዓይኗን ከኮምፒዩተሩ ሳታነሳ። ባልደረቦቿ «ምላጭ» የሚሏት በከንቱ አልነበረም።

ኩባንያው ለሌሎች ድርጅቶች የደንበኛ ስልክ ይመልሳል። የተከራየውን ፎቅ ለቆ ስልክ መላሾቹን በየቤታቸው ካሰማራ ወዲህ የቀረው ይህች አንድ ክፍል ናት። የሠራተኞቹ የጉዳት መድን ግን የሚያውቀው የድሮውን ፎቅ ብቻ ነበር። ቤቱ ሆኖ ሲሠራ የተሰበረ ሰው፣ በመድን ድርጅቱ ዓይን ሲዝናና እንደወደቀ ይቆጠር ነበር። ሥራ አስኪያጁን ነዝንዛ፣ መድን ድርጅቱን ደጅ ጠንታ ውሉን ያስለወጠችው ምላጭ ናት። አሁን ሠራተኛው የሚሠራበት ቤት የሥራ ቦታ ነው፤ በትክክል እስከተመዘገበ ድረስ። በዚህ ትኮራለች። ስለ አከራዮቹ የሚወራውን ለማስተባበል ግን ለሠራተኞቹ አንድ መስመር አልጻፈችም። ለወሬ መልስ መስጠት ወሬኛን ማክበር ይመስላታል።

ስልኳ ጠራ። ከወዲያ በኩል አንዲት ሴት ያለቅሳሉ። በድምፅዋ ጣፋጭነት «ወለላ» የምትባለው ስልክ መላሽ ሥራ ላይ እያለች ወድቃለች፤ የደወሉት እናቷ ናቸው።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ወለላ ባለ ጎማ አልጋ ላይ ተጋድማለች። ዳሌዋ ተሰብሯል። ሐኪሙ ብረት ይገባል፣ ከዚያ በኋላም እንደገና መራመድ መለማመድ አለባት ብሏል።

«አይዞሽ» አለቻት ምላጭ። «ቤትሽ ተመዝግቧል። ሕክምናውም፣ ተኝተሽ የምትከርሚበት ደመወዝም ይሸፈናል።»

ወለላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናትየው መሬት መሬት አዩ።

«ምነው?»

«ያስመዘገበችው የእኔን ቤት ነው» አሉ እናትየው። «የምትኖረው ግን ተከራይታ ነው።»

«ለምን?»

«አከራዬ ጋ ይደወላል ተባለ» አለች ወለላ። ስንቱን ቁጡ ደንበኛ ያባበለው ድምፅ ሰልሏል። «ኔትወርክ የሚይዘው ደረጃው አናት ላይ ብቻ ነው። እዚያ ቁጭ ብዬ ነበር የምሠራው። አከራዬ ሲያልፉ ‹ለእህቴ ነው የማወራው› እላቸዋለሁ። ዛሬ ስነሳ የማዳመጫው ገመድ እግሬን ጠለፈኝ።»

«ማንም ለአከራይ አይደውልም እኮ! የፈጠራ ወሬ ነው!»

«ታዲያ መቼ ነገርሽን?» አለች ወለላ።

 

የምላጭ የእጅ ስልክ ጮኸ። ከቢሮ ስትወጣ አደጋውን ያስታወቀችው የመድን ድርጅቱ ጉዳት መርማሪ ነው።

«የወደቀችው የተመዘገበው ቤት ውስጥ ነው?» አለ። «አዎ ካሉኝ አሁኑኑ ለሆስፒታሉ ማረጋገጫ እልካለሁ።»

ስልኩን በመዳፏ ከደነችው። እናትየው ክንዷን ጨመደዱት።

«ልጄ፣ እኔ ቤት ነው በይው። እኔም እመሰክራለሁ። ከእሱ ኪስ ምን ይጎድላል?»

«እማማ፣ ቤትዎ ደረጃ አለው?»

«ኧረ ምን ደረጃ! ደጃፉ ከመሬት እኩል ነው።»

መርማሪው ሄዶ ያያል፤ እንጀራው ነው። ውሉ ደግሞ ኩባንያው በአንድ ጉዳይ ከዋሸ ለሁሉም ይፈርሳል። ምላጭ በየጓዳው፣ በየአልጋው ጠርዝ ማዳመጫ አጥልቀው የተቀመጡት ስልክ መላሾች ታዩዋት። ወለላን ማየት ግን አቃታት። ጀርባዋን ሰጥታ መዳፏን ከስልኩ አነሳች።

«አይደለም። የወደቀችው በኪራይ ቤቷ ነው። ሥራ ላይ ነበረች፤ ቤቱ ግን አልተመዘገበም።»

«እንግዲያው ሽፋን የለውም» አለ መርማሪው። ድምፁ ያዘነ ይመስል ነበር። «አዝናለሁ።»

የእናትየው እጅ ከክንዷ ላይ ወደቀ። «የፈሩት ይደርሳል» አሉ፤ ለማንም አልነበረም የተናገሩት።

«ሥራ አስኪያጁ እግር ላይ እወድቃለሁ» አለች ምላጭ። በሕይወቷ ማንም እግር ላይ ወድቃ አታውቅም። 

ኮሪደሩ ጥግ ቆማ ለሠራተኞቹ ሁሉ መልእክት ጻፈች፦ «ለአከራይ ማንም አይደውልም። ይህን ቀድሜ ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር። የምትሠሩበትን ትክክለኛ ቤት ዛሬውኑ አስመዝግቡ።» አንዴ አነበበችው። ላከችው።

ቀና ስትል አንዲት ወፍራም ሴትዮ ፌስታል አንጠልጥለው፣ እያለከለኩ ወደ አልጋው ሲመጡ አየች። ወለላ በድንጋጤ ልትነሳ ሞከረችና ሕመሙ መለሳት። አከራይዋ ናቸው።

«ተኚ፣ ተኚ!» አሉ። ከፌስታሉ የተሰነጠቀ ማዳመጫ አወጡ። «ይቺን ደረጃው ሥር አገኘኋት። የሥራሽ ዕቃ ናት ብዬ ነው።»

«ሥራ እንደምትሠራ ያውቁ ነበር?» አለች ምላጭ።

«እንዴት አላውቅ! ‹ለእህቴ ነው የማወራው› ትለኛለች። ቀኑን ሙሉ እህቱን ‹ምን ልታዘዝ› የሚል ሰው የት አለ?» ሊስቁ ብለው የእናትየውን ፊት አዩና ተዉት። «እንዳትሳቀቅ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እሷ ደረጃው ላይ ስትወጣ እኮ እኔ ሬዲዮዬን እዘጋለሁ።»