ለጀማሪ የሚሆን ውሃ

ዙልፋን መጀመሪያ ያስጠላት የሰርዲኑ ዘይት ነው። ከሾላው ሥር የተቀመጡት እንግዶች በልተው ሲጨርሱ ጣሳውን ወንዙ ውስጥ አለቀለቁት፤ ዘይቱም በረጋው ውሃ ላይ እንደ ለምጽ እየሰፋ ተንሳፈፈ። ባለፈው ነሐሴ ወንድሟ ኡበይደላ በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው እዚያው ላይ ነበር። በሬውን ከጎርፍ ሊያወጣ ገብቶ ደራሹ ወሰደው። የመንደሩ ቅሬ፣ የቀብር ዕድሩ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ረጃጅም ዘንግ እየያዘ ከመርሳ ከተማ በታች ዳር ለዳር ሲፈልገው ሰንብቶ፣ በመጨረሻ ከዚሁ ሾላ ሥር አነሳው።

አሁን ጥቅምት ነው፤ ወንዙ ገራም መስሏል። የእንግዶቹ መሪ፣ ኪሩቤል የሚባል የአዲስ አበባ ወጣት፣ በአይሱዙ ጭኖ ያመጣቸው ብርቱካናማ የፕላስቲክ ጀልባዎች ዳር ላይ ተደርድረዋል። ካያክ ይላቸዋል። አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥና ግራ ቀኝ እየቀዘፈ ይነዳዋል። ለጀማሪ፣ ትንሽ ለለመደ፣ ለደፋር እያለ ሦስት ቦታ ለይቶ ከየአገሩ እንግዳ ሊጠራ ነው ያሰበው።

«ይቺ ገንዳ ናት ጀልባ?» አለ ዓሪፍ፣ ለማየት ከተሰበሰበው ሰው መሀል።

«ገንዳ ናት እንጂ! የሚጠጣው ከብት ውስጧ ገብቶ ተቀመጠ» አለው ሌላው። ሰው ሳቀ።

ዙልፋ አልሳቀችም። ሾላው ግንድ ላይ «ለጀማሪዎች» የሚል ሰሌዳ በምስማር ተመትቷል። ጎረቤቷን አስካለን አስከትላ ኪሩቤል ፊት ቆመች። አስካለ በኡበይደላ ለቅሶ ወገቧን ይዛ ያዋለቻት ሴት ናት።

«ይህን ቦታ ማን አሳየህ?»

«ጋሽ ሀይሉ ናቸዋ! ወንዙን አብጠርጥረው ያውቁታል። ‹እዚህ ውሃው ሰው አይጎዳም፤ ያመጣውን ቀስ አድርጎ ያስተኛል› አሉኝ። ግሩም አባባል አይደል?»

ዙልፋ ወደ ሽማግሌው ዞረች። ጋሽ ሀይሉ የቅሬው ዳኛ ናቸው። ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። አልዋሹም። ውሃው የት እንደሚላተም፣ የት እንደሚሽከረከር፣ የት እንደሚለቅ ያወቁት ግን ዘንግ ይዘው ሬሳ ሲፈልጉ ነው። ያን ዕለትም ኡበይደላን ሲያወጡት «ጭረት እንኳ የለበትም ልጄ፤ ውሃው ቀስ አድርጎ ነው ያስተኛው» ብለው ያጽናኗት እሳቸው ናቸው። ክረምቱን የወጣችው በዚያ ቃል ነበር።

«እኔን ያጽናኑበትን ቃል ለጨዋታ ሰጡት፣ ጋሽ ሀይሉ?»

«ጠየቀኝ ልጄ። እንግዳ ነው፤ ያየሁትን ነገርኩት። ከዚያ ሌላ ምን አውቃለሁ?»

ነገሩን ሲያስረዱት ኪሩቤል ደነገጠ። ከዚያ ፊቱ በራ፤ የባሰው ይኼ ነበር።

«አላህ ያጽናሽ እህቴ። አላወቅሁም። ታዲያ ለምን በስሙ አንሰይመውም? ‹የኡበይደላ ማረፊያ›! ታሪኩንም ሰሌዳው ላይ እንጽፋለን። እንግዳ ታሪክ ያለው ቦታ ይወዳል።»

የዙልፋን አፍ መራራ ምራቅ ሞላው። እንዳትተፋው ፊት ለፊቷ ያለው ያ ውሃ ነው። ዋጠችው።

«ንቀለው» አለች። «ከሾላው ሥር ማንም አይንቦጫረቅም።»

ጋሽ ሀይሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔም ቃሌን አንስቻለሁ። ቅሬው እምቢ ካለ፣ እዚህ ለሰመጠ ሰው ዘንግ የሚይዝ አታገኝም።»

«ችግር የለም አባቴ፣ የማያሰምጥ ጃኬት አለን።»

«ጃኬቱ ይቀብራል?» አለ ዓሪፍ።

ኪሩቤል ሁለት እጁን አነሳ። «እሺ፣ እሺ፣ ይነቀላል። ግን ጀማሪ የማይገባበት ከሆነ ማን ይመጣል? እንደዚህ ረጋ ያለ ሌላ ቦታ ያሳዩኝ።»

ዙልፋ በረጅሙ ተነፈሰች። የኡበይደላ ቦታ ተረፈላት። ጋሽ ሀይሉ ክንዳቸውን ዘርግተው በጣታቸው ወደ ታች ጠቆሙ።

«ከድልድዩ በታች፣ ደንገሉ ጋ...»

ዙልፋ ጀርባ ላይ የነበረው የአስካለ እጅ ወደቀ። የአስካለ ልጅ ናሆምም ሰምጦ ሬሳው የተነሳው ደንገሉ ውስጥ ነው። ያኔ ወገቧን ይዛ ያዋለቻት ደግሞ ዙልፋ ነበረች። ወንዙ በረጋበት ሁሉ የአንድ ቤት ሰው ተነስቷል፤ እሷ የራሷን አስጥላ የጓደኛዋን ልትሰጥ ነበር። ዘይቱም ሰሌዳውም እንደዚያች ቅጽበት እፎይታዋ አልቀፈፏትም።

የሽማግሌውን ጣት ይዛ ወደ መዳፋቸው አጠፈችው።

«ይብቃዎት ጋሼ። አይጠቁሙ።»

ጋሽ ሀይሉ እጃቸውን አዩ፤ ከዚያ አስካለን አዩ። ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ሳቡት።

«ለጀማሪ የሚሆን ውሃ የለንም» አሉ።

«ለደፋሩስ?»

«ደፋሩም ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚሁ ነው።»

አይሱዙው ጀልባዎቹን ጭኖ ሲወጣ ዙልፋ ሰሌዳውን በድንጋይ እየመታች ነቀለችው። አስካለ የሾላ ቅርንጫፍ ሰብራ ዘይቱን ወደ ወራጁ ትገፋ ጀመር። አልሄድ አለ። ውሃው ረግቶ፣ በገፋችው ቁጥር ወደ እግሯ እየተመለሰ ይለጠፍባት ነበር።