ቆሞ ቀዛፊው ዲያቆን

በላስታ ምድር ውሃ የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ከእኔ ሌላ ማንም አይገኝም። ጣናን በታንኳ የተሻገርኩ ሰው ነኝ። የዚያን ዕለት ማዕበሉ ሲነሳ የአሸተንን ተራራ ያህል ነበር፤ ሲወርድ ደግሞ የሐይቁ ወለል ላይ የተጋደሙት ዓሦች እስከ ጢማቸው ይታዩኝ ነበር። እህቴ ባንቺዓለም ለጠበል አብራኝ ሄዳ ስለነበር ይህን ባወራሁ ቁጥር ታቋርጠኛለች።

«ታንኳው ውስጥ በሆድህ ተኝተህ ስታስመልስ ባላይህ ኖሮ አምንህ ነበር፣ ወንድም ጋሼ።»

ቢተው እባላለሁ። ላሊበላ ላይ በቅሎ አከራያለሁ፣ ፈረንጅ አስጎበኛለሁ፣ በሰባት ቋንቋ እሳደባለሁ። የማልችለው ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የባንቺዓለምን ሐሳብ ማስቀየር።

በ2004 መስከረም ላይ ፓስፖርቷ ወጣ። ወደ ቤሩት ልትሄድ ነው፣ ለሰው ቤት ሥራ። ባሏ ምስጋኑ ዲያቆን ነው፤ በአቋቋም የተመሰገነ፣ ማኅሌት ላይ ሲቆም ዓምድ የሚመስል ሰው። ግን መሬት የለውም። ቀበሌው መሬት ሲደለድል እሱ ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ሲመለስ ሁሉም ተከፋፍሎ ጠበቀው። ከዚያ ወዲህ የሚኖረው በሰው ማሳ ላይ በእኩል እያረሰ ነው። ዝናቡ በቀረ ዓመት ደግሞ የሚካፈለው ነገር የለም።

ባንቺዓለም ነገሩን እንዲህ ቆረጠችው፤ «ሁለታችንን የሚያኖር ሥራ ካገኘ ፓስፖርቱን ምድጃ ውስጥ እከተዋለሁ። ካላገኘ ከጥቅምት ማርያም በኋላ እሄዳለሁ።»

ምስጋኑ ሲያዝን ድምፁ አይሰማም፤ ጆሮው ብቻ ይቀላል።

ለመስቀል ሩዲ የሚባል ቀይ ጢም ያለው ፈረንጅ መጣ። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር የእንግዳ ማረፊያ አለኝ ይላል። ከመኪናው ጣሪያ ላይ የተጠቀለለ ነገር ጭኗል፤ ድንኳን መስሎኝ ነበር። ማኅሌቱን ሲያይ ቆይቶ፣ በማግስቱ በበቅሎዬ ወደ አሸተን ማርያም ስወስደው አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያወራው።

«እነዚያ በዱላ ተደግፈው የሚዘምሩት ሰዎች» አለኝ፣ «ያን ሁሉ ሰዓት ሲወዛወዙ ጉልበታቸውን አየኸው? አይገትርም። እኔ ይህን የሚችል ሰው በገንዘብ አላገኘሁም።»

ድንኳን የመሰለኝ ነገር በፓምፕ የሚነፋ ቦርድ ነው። ሰው ላዩ ላይ ይቆምና በአንድ ረጅም መቅዘፊያ ይቀዝፋል። በውጭ አገር ውድድር አለው አሉ፤ አጭሩና ፈጣኑ ሁለት መቶ ሜትር ነው። ሩዲ ይህን ለእንግዶቹ የሚያስተምር አንድ ሰው ይፈልጋል። ሥራው ቋሚ ነው። ቤት ይሰጣል። ሚስት ይዞ መምጣት ይቻላል።

ይቺን የመጨረሻዋን ስሰማ በቅሎዋን አቆምኳት።

«አንድ ዓቢይ ጾም ሙሉ ሳይቀመጥ የቆመ አማች አለኝ» አልኩት። ይህ በጥቂቱ ብቻ የተጨመረበት እውነት ነው።

ሩዲ ሳቀ፤ ግን ሌላም ሰው አለኝ አለ። ከሐይቅ ከተማ፣ አብዱልሀሚድ የሚባል ዓሣ አጥማጅ። «ሁለቱን አወዳድራለሁ። የቀደመ ይሄዳል። እሱ ከለመደው ሐይቅ ውጭ በሆነ ውሃ ላይ ይሁን።» ሲመጣ ከኩልመስክ ወረድ ብሎ ያለውን የመስኖ ግድብ አይቶ ኖሯል፤ ውድድሩን ከአራት ሳምንት በኋላ እዚያ ቆረጠ። አንድ ቦርድና አንድ መቅዘፊያ ትቶልን፣ ሦስት ቀን ግድቡ ዳር አሳይቶን ወደ አብዱልሀሚድ ሄደ። ከዚያ በኋላ አሰልጣኙ እኔ ነበርኩ። በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያው፤ ምናልባትም በአፍሪካ።

ምስጋኑ ከመጀመሩ በፊት የአቋቋም መምህሩን መሪጌታ ሀብተ ሥላሴን ሊያስፈቅድ ሄደ። እኔም አብሬው ነበርኩ። መሪጌታ ቦርዱን ከነፓምፑ ዞረው አዩት።

«ምስጋኑ፣ ልጄ፣ በዚህ ላይ ነው የምትቆመው?»

«አዎን፣ የኔታ።»

«ጴጥሮስ ከመርከቡ ወርዶ ስንት እርምጃ ሄዶ ሰመጠ?»

«አልተጻፈም፣ የኔታ።»

«እንግዲያው ቢያንስ ከእሱ ታንሳለህ አንልም» አሉና ባረኩት። ቦርዱንም ባረኩት። ፓምፑን ግን፣ «ይሄ ጎማ ነፊዎች ጋ ያለው ነው፤ ቡራኬ አያሻውም» ብለው ተዉት።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምስጋኑ ከቦርዱ ይልቅ ውሃው ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል። የዚያ ሰሞን ውሃ ደግሞ የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ብርድ ይዞ የወረደ ነው፤ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ኩልመስክ ገበያ ድረስ ይሰማ ነበር። እኔ ዳር ቆሜ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ያለ ዕረፍት እጮኻለሁ። «እግርህን በትከሻህ ልክ! ጣትህ ወደ ፊት! ጉልበትህን አላላ! ወዲያኛውን ዳር እይ፣ እግርህን ያየህ ዕለት ወደቅህ!» እሱ ደግሞ እግሩን ያያል። ዲያቆን ነዋ፤ ዕድሜውን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ኖሮ ቀና በል ሲሉት ነውር ይመስለዋል።

«ጋሼ፣ ሰው እያየኝ እንዴት ደረቴን ነፍቼ ልቁም?»

«ሰው አይደለም የሚያይህ፤ ላም ነው።»

እውነትም ዳር ዳሩን ላሞች ነበሩ። ቀና አለ። ቀና ባለ ጊዜም ቦርዱ ተረጋጋ።

ከዚያ ፍጥነቱ መጣ። ለፍጥነት አንዱ እግር ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ ወገብ ጎንበስ ይላል። መቅዘፊያው ሩቅ ይዘረጋል፤ ሰፊው ጫፉ ሙሉ በሙሉ ሳይጠልቅ መሳብ የለም። የሚስበው ክንድ ሳይሆን ጎንና ወገብ ነው። ቁርጭምጭሚት አጠገብ ሲደርስ ይወጣል፤ ከዚያ ያለፈው ቦርዱን ያጠልቀዋል እንጂ አያስኬደውም። ሩዲ ይህን ሁሉ ሲያሳይ ምስጋኑ ግራ ገብቶት ነበር። አንድ ቀን ግን በአፉ አንድ ነገር ሲያልጎመጉም ሰማሁ። ወረብ ነው። ከበሮው በሚመታበት መቅዘፊያውን ያጠልቃል፣ ጽናጽሉ በሚንሿሿበት ይስባል። ወረቡ እየፈጠነ ሲሄድ እሱም አብሮ ፈጠነ። ቦርዱ እንደ ጥይት ሄደ አልልም፤ ጥይት እንኳ እንዲያ አይሄድም።

ባንቺዓለም የዚያን ዕለት ምሳ ይዛ መጥታ ነበር። ሳህኑን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ሳቀች፤ ፓስፖርቱ ከወጣ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ ባሕር ዳር ውድ ነው ይባላል። ድስቶቹን ከዚሁ ልውሰድ እንዴ?»

«ድስት? አንቺ ባለ ሎጅ ልትሆኚ!» አልኳት።

«እስቲ መጀመሪያ ይቅደም» አለች። ድስቶቹን ግን በማግስቱ ስታጥባቸው አይቻለሁ፤ የማይፈለጉትንም ጭምር።

የውድድሩ ቀን በአይሱዙ ተጭነን ወረድን። አብዱልሀሚድ ቀድሞን ደርሷል፤ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሳቂታ ሰው። ሐይቅ ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ የቀዘፈ ትከሻ ነው። ምስጋኑን እጅ ነስቶ ሰላም አለው።

«አባ፣ ለእኔም ጸልይልኝ ብል ይከፋሃል?»

«ዲያቆን ነኝ፤ አባ አይደለሁም።»

«ወላሂ፣ ከዚህ ሥራ ውጭ ምንም የለኝም» አለው አብዱልሀሚድ፣ እየሳቀ። «ዓሣው አልቋል። መረብ ብጥል ጭቃ ነው የሚወጣው።»

ይህን ባልሰማ እወድ ነበር። ሰው እንዲሸነፍ ለመፈለግ ስለ እሱ ምንም አለማወቅ ይሻላል።

ሩዲ በመጨረሻው ጫፍ ገመድ ዘረጋ፤ መጀመሪያ የነካ ያሸንፋል። ሁለቱም የሕይወት አድን ጃኬት ለብሰው ቆሙ። ፊሽካው ተነፋ።

አብዱልሀሚድ እንደ ሞተር ተነሳ። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ በሬ ከነቀንዱ ያህል ቀድሞ ነበር። ያኔ ከግዳን በኩል ነፋሱ መጣ። ውሃው ተሸበሸበ፣ ከጎን ይመታቸው ጀመር። አብዱልሀሚድ ታንኳ ላይ ተቀምጦ የለመደ ነው፤ ጉልበቱ ገተረ፣ ተንገዳገደ፣ መቅዘፉን ትቶ በጉልበቱ ተንበረከከ። ምስጋኑ ግን አልተነቃነቀም። ቦርዱ ከሥሩ ይወዛወዛል፤ እሱ ከወገቡ በላይ ማኅሌት ላይ ነው። ወረቡን ጮክ ብሎ ያሰማል። አለፈው። እኔ ዳሩን እየሮጥኩ የጮህኩት ጩኸት ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ እስካሁን ሳያስተጋባ አይቀርም። ባንቺዓለም ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

ገመዱ ቀረበ። አስር ክንድ ቢቀረው ነው። አብዱልሀሚድ ተነስቶ እየተከተለ ነው፤ ግን ሩቅ ነው። የምስጋኑ ክንድ ሲዝል አየሁት። አንዴ ቀዘፈ፣ ሁለተኛውን ግማሽ አደረሰው። ከዚያ ቀጥ አለ፣ መቅዘፊያውን ከጎኑ አቆመ፣ እጀታውን ብብቱ ሥር አስገባ፣ እና ሙሉ ክብደቱን ጣለበት። ረጋ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ሊቃውንቱ ማኅሌት ላይ ሲደክማቸው መቋሚያቸው ላይ እንደሚያርፉት።

ውሃ ወለል የለውም። መቅዘፊያው ቀጥ ብሎ ወረደ፣ እሱም ተከትሎት ወረደ።

ሲወጣ አብዱልሀሚድ አልፎታል። ገመዱን ነክቶ፣ ወዲያው ተመልሶ መጣና ክንዱን ይዞ ቦርዱ ላይ ሰቀለው።

«ምነው ወንድሜ? አሸንፈኸኝ ነበር እኮ! ወላሂ፣ አሸንፈኸኝ ነበር!»

ምስጋኑ ዳር ሲደርስ ያዝኩት። «ምን ሆንክ? ተደገፍ ያለህ ማን ነው?»

«ደከመኝ፣ ጋሼ» አለ። «ሲደክመኝ ተደገፍኩ። ሌላ ምን ይደረጋል?»

ወደ ሩዲ ሄድኩ። የማውቀውን ሁሉ አፈሰስኩ። ሰውዬው ወባ ይዞት ነበር አልኩት። ነፋሱ ከገመዱ ጋር ተመሳጥሯል አልኩት። በላስታ ሕግ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው እንደገና ይወዳደራል፣ ከላሊበላ ዘመን ጀምሮ እንዲህ ነው አልኩት። ሩዲ ትከሻዬን ይዞ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ ይህ ነው የከፋው።

«ቢተው፣ አብዱልሀሚድ ቢንበረከክም ቦርዱ ላይ ነበር። ሲደክመው መቅዘፊያ ላይ የሚደገፍ ሰው እንግዳ ያሰጥምብኛል። ማስተማር ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን የሚጠብቁኝ እንግዶች አሉ።»

«ሌላ አንድ ሥራ? ዘበኛ? አትክልተኛ?»

«የለም» አለ። አብዱልሀሚድን ጭኖ ሄደ።

ባንቺዓለም የምስጋኑን ፀጉር በነጠላዋ ጫፍ ታደርቃለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ደስ ይለኝ ነበር።

«ጠጋ በል፣ ጆሮህ ውስጥ ውሃ ገብቷል» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ወንድም ጋሼ፣ ድስቶቹን ለጎረቤታችን ለእማማ አመተ ጊዮርጊስ ስጥልኝ። እኛ ቤት ለአንድ ሰው አንዱ ይበቃል» አለች።

ከማርያም በኋላ ባለው ሰኞ ጠዋት ላሊበላ መናኸሪያ ሄድን። የወልዲያው አውቶብስ ሞልቷል፤ ረዳቱ ቦርሳዋን ጣሪያ ላይ ወርውሮ ሸራ አለበሰው። መሪጌታ ሳይቀሩ መጥተው አሳርገውላታል። በመስኮቱ በኩል የምስጋኑን እጅ ይዛ ነበር፤ ሾፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ ለቀቀችው። እኔ የሆነ ነገር ተናግሬያለሁ፤ ምን እንዳልኩ ግን አላስታውስም፣ ሰዎች ስቀዋል።

አውቶብሱ ቁልቁለቱን ይዞ ተሰወረ። አቧራው እስኪጠፋ ጠበቅን።

«ጋሼ» አለኝ ምስጋኑ።

«አቤት።»

«ቤሩት ሩቅ ነው?»

እኔ ከላሊበላ አሸተን ያለውን መንገድ የሦስት ቀን ጉዞ አድርጌ ለፈረንጅ የተረክሁ ሰው ነኝ።

«ቅርብ ነው» አልኩት። «ከወልዲያ ትንሽ አለፍ ይላል።»

ጆሮው ቀላ። ራሱን ነቀነቀ፤ እንዳላመነኝ አውቃለሁ። ዳገቱን ጀመርነው።