ሰባት ቶን አስፋልት

እኔ ሰው አላምንም። ሃያ ሰባት ዓመት የጭነት መኪና ሚዛን ላይ የሠራ ሰው ቢያምን ነው የሚገርመው። አሸዋን ውሃ አጠጥተው ክብደት ሲጨምሩ አይቻለሁ። ከሽንኩርት ጆንያ ሥር ድንጋይ ሲወጣ አይቻለሁ። አንዱ ሹፌር ጭኖት የመጣው እህል እንዲከብድለት ሁለት ወንድሞቹን ከሸራው ሥር አስተኝቶ ሚዛን ላይ ወጥቷል፤ አንደኛው አስነጠሰና ተያዙ። የሰፈሩ ሰው «ሚዛኑ» እያለ ሲጠራኝ ለክብሬ መስሎኝ ስኮራ ኖሬ፣ ለካ አንድ ኪሎ ስኳር ሁለት ጊዜ ስለማስመዝን ነው።

ባለቤቴ ተቃራኒዬ ናት። ሰው ሁሉ እውነት የሚናገር ይመስላታል። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ የምትንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ከቤታችን እስከ ውጭው በር ሃያ ሜትር ይሆናል፤ ቁልቁለት ነው፣ ጠጠርና ኮረት፣ ሲዘንብ ደግሞ ጭቃ። ወንበሩ ሦስት ሜትር ሳይሄድ ይሰምጣል። ታላቅ እህቷ የምትኖረው ከመንገዱ ማዶ፣ ከበራችን ፊት ለፊት ነው፤ እሷም ዓይኗ ደክሞ መንገድ መሻገር አትችልም። ስምንት ወር ሙሉ ሁለቱ እህትማማቾች የተገናኙት በጩኸት ብቻ ነው፤ አንዷ ከበረንዳ፣ ሌላዋ ከደጃፍ። ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳገባ፣ እኔ ምን እንዳጠፋሁ ሰፈሩ በሙሉ አብሮ ይሰማል።

«ጎረምሶች ጠርተን ተሸክመን እናሻግርሽ» ስላት፣ «እኔ ኩንታል ነኝ?» አለችኝ። «በገዛ ጎማዬ ነው የምሄደው።» ከዚያ ሳትነግረኝ የስፌት መኪናዋን ሸጠች። ገንዘቡን ጭኔ ላይ አስቀምጣ፣ «አስፋልት አስነጥፍልኝ» አለች። 

ዋጋ ሳጠያይቅ መጀመሪያ የመጣው ሰው «ከመንገድ ሥራ የተረፈ አስፋልት አለኝ፤ በግማሽ ዋጋ ላልብስልዎ» አለ። ቢሮህ የት ነው ስለው ስልኩ ጠራ፤ ሊያነጋግር እንደወጣ ቀረ። ሁለተኛው ሜትር ይዞ የመጣ፣ ረጋ ያለ ወጣት ኮንትራክተር ነው። ግቢውን ለክቶ ዋጋውን ሲነግረኝ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። የስፌት መኪናዋ ገንዘብ በሙሉ፣ በላዩ ላይ የአሥራ አንድ ወር ጡረታዬ!

«ለሃያ ሜትር ጥቁር ነገር?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ጥቁሩ ላዩ ነው» አለኝ። «ዋናው ገንዘብ የሚገባው ከሥር ነው። አፈሩ ይቆፈራል፣ ገረጋንቲ ይሞላል፣ በዳምጠው ይጠቀጠቃል፣ የውሃ መሄጃ ይሠራል። ከላይ አምስት ሳንቲ ሜትር አስፋልት ይለብሳል። ሰባት ቶን ይፈጃል።»

ከሥር! ገንዘቤ የሚገባው ከማይታየው ነገር ላይ ነው ማለት ነው። ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር። ባለቤቴ ግን «የልጁ ዓይን ንጹሕ ነው» አለችና ፈረምን።

ሥራው ሲጀመር በርጩማ አውጥቼ ከግቢው ጥግ ተቀመጥኩ። በሳንቲ ሜትር የተከፋፈለ ዱላ አበጅቼ ጉድጓዱን በየሜትሩ ለካሁ። ሃያ ሳንቲ ብሎኝ ነበር፤ ሃያ ሁለት ሆነ። ገረጋንቲውን በእጄ ዘግኜ አፈር እንዳለው አየሁ፤ የለውም። ዳምጠው ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ቆጠርኩ። ሁሉም ልክ ነው። ሁሉም ልክ ሲሆን ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ። የሚሰርቅ ሰው መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ እንደሚያዘናጋ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የቀረው አስፋልቱ ነው፤ ቢሰርቅ ከዚያ ነው የሚሰርቀው።

አስፋልቱ የሚመጣ ቀን ጠዋት ያካፋል። ኮንትራክተሩ ከሠራተኞቹና ከዳምጠው ጋር ግቢያችን ውስጥ እየጠበቀ ነበር። እኔ መድኃኒት ልገዛ ነው ብዬ ወጣሁና ከአስፋልት ፋብሪካው መምጫ መታጠፊያው ላይ ቆምኩ። የድሮ ሚዛን ቤቴ እዚያው ነው። አስፋልቱን የጫነው ገልባጭ መኪና ሲመጣ እጄን አንሥቼ አስቆምኩት።

«አለቃህ ሚዛን ይግባ ብሏል» አልኩት ሹፌሩን።

«ለእኔ እኮ አልነገረኝም» ብሎ ስልኩን አወጣ።

«ኧረ ተወው፣ አሁን እኔ አነጋግሬው መጣሁ!»

እንግዲህ በሕይወቴ ሌባ ስይዝ እንጂ ስዋሽ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው፤ እንዴት እንደቀለለኝ አሁንም ይገርመኛል። ከፊታችን አሥራ ስድስት መኪና ተሰልፏል። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ፣ ሲቆም፣ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሆነ፤ የሹፌሩ ስልክም ባትሪው አለቀ። እኔም ሥራ አልፈታሁም፤ ጭነቱ ላይ ወጥቼ ሸራውን ገልጬ፣ ከሥሩ ድንጋይ እንዳለ በዱላዬ ወጋጋሁት። ሸራውን ስመልሰው ግማሹ ተገልጦ ቀረ፤ ካፊያው ይወርድበታል። በመጨረሻ ተራችን ደርሶ ሚዛኑ ላይ ወጣን። የመኪናው ክብደት ሲቀነስ ሰባት ቶን ከሁለት መቶ ኪሎ። ሁለት መቶ ኪሎ ትርፍ! ደስ አለኝ፣ ትንሽም አፈርኩ።

ግቢ ስንደርስ ኮንትራክተሩ ፊቱ ጠቁሮ ጠበቀን። የሙቀት መለኪያውን ጭነቱ ውስጥ ሰክቶ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ዘጠና ዲግሪ። ከመቶ ሃያ በታች አይነጠፍም። የት ነበርክ?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ‹አለቃህ ሚዛን ይግባ ብሏል› ያሉኝ?» አለ ሹፌሩ፣ እኔን እያየ።

ኮንትራክተሩም ወደ እኔ ዞረ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ሞቷል። አስፋልት በትኩሱ ካልተጠቀጠቀ እርስ በርሱ አይያያዝም። ተደፍቶ ሌላ መምጣት አለበት። የጭነቱን ዋጋ ብቻ ይክፈሉኝ፣ የሦስት ወር ጡረታዎን ቢሆን ነው፤ የሠራተኞቹን የቀን ሂሳብ እኔ እችለዋለሁ።»

ይኸው! አልኩ በልቤ። ስንጥሩ ተገኘ። አንዱን ጭነት ሁለት ጊዜ ሊሸጥልኝ ነው። «እየጨሰ ነው እኮ! ጭሱን እያየሁ ቀዝቅዟል ትለኛለህ? አንጥፈው!»

ለመነኝ። እንቢ አልኩ። መጨረሻ ላይ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ፣ መቀዝቀዙን እንደነገረኝና በራሴ ፈቃድ እንዳስነጠፍኩ ጻፈ። ፈረምኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያን ቀን ሞኙም ወረቀቱም አንድ ላይ ተገኝተው ነበር። አንዱን ቅጂ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ባለቤቴ ከመስኮት ሆና ያየችው አስፋልቱ ሲነጠፍ ብቻ ነው፤ የተባባልነውን አልሰማችም።

በማግስቱ ብቻዋን ወረደች። ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ እያደረገች፣ በገዛ ጎማዋ ከበሩ ወጥታ መንገዱን ተሻገረች። እህቷ ፊቷን በእጇ ዳብሳ ዳብሳ «ከስተሻል» አለቻት። ሁለቱም እየሳቁ አለቀሱ። እኔም በሩን ይዤ አለቀስኩ። ጠርጥሬም ቢሆን አስነጠፍኩት፣ አልኩ ለራሴ።

ክረምቱ ሲገባ ጠጠሩ አንድ ሁለት እያለ መነቀል ጀመረ። ጎረቤቶች «ያ ልጅ ጉድ ሠራችሁ» ሲሉ፣ «እንግዲህ ምን ይደረግ» እል ነበር። ሰውን ሁሉ በዓይኔ የማበጥር ሰውዬ፣ በራሴ ነገር ዓይኔን ግንባር ያድርገው አልኩ።

በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት ጩኸቷን ሰምቼ ሮጬ ወጣሁ። የግቢያችን አስፋልት መሀል ላይ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ገብቶ ወንበሩ ዘሟል። አልወደቀችም፤ ግን ወደፊትም ወደኋላም መሄድ አልቻለችም።

«አየህ?» አለችኝ። «አንተ ልክ ነበርክ። ያ ልጅ በላን። ሞኟ እኔ ነኝ። ሁለተኛ ሰው አላምንም!»

ፊቷን አየሁት። በመስተዋት የማውቀው የእኔ ፊት ነበር፤ በእሷ ላይ ሲያዩት አስቀያሚ ነው። አልቻልኩም። ቦርሳዬን አውጥቼ ወረቀቱን አነበብኩላት። የሚዛን ቤቱንም፣ የዋሸሁትንም ነገርኳት።

«እና ክብደቱ ጎደለ?» አለች።

«ሁለት መቶ ኪሎ ይበልጥ ነበር።»

ከማዶ የእህቷ ድምፅ መጣ። «አንቺ፣ ምን ሆንሽ? ምነው ጮኽሽ?»

«እትዬ!» ብላ ጮኸች ባለቤቴ። «አስፋልታችንን ያበላሸው ሌባ ተገኘ!»

«ማነው እሱ?»

«ይኸው አጠገቤ ቆሟል!»

ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ከዚያ እጆቿን ወደ እኔ ዘረጋች። «በል ተሸከመኝ፣ እትዬ ጋ አድርሰኝ።» አነሣኋት። ኩንታል አይደለችም፤ ግማሹንም አትሞላም። እጄ ስንት ኪሎ እንደሆነች ወዲያው አወቀው፤ አልተናገርኩም።

«ዛሬውኑ ልጁ ጋ ትደውላለህ» አለችኝ በሩ ጋ ስንደርስ። «ይቅርታ ትጠይቀዋለህ፣ ስምህ ያለ ጥፋትህ ጠፍቷል ትለዋለህ። ዋጋ ሲነግርህም አትከራከረውም።»

«እሺ» አልኩ።

አንገቴን እንደያዘች ፊቴን ትክ ብላ አየችው። በአርባ ዓመት ትዳር እንደዚያ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«እኔ ፊት ነው የምትደውለው» አለች።