ግራ እግሯ ከብዷታል

ታናሽ ወንድሜ ሲያወራ ስም መጥራት አይወድም። «እሷ» ይላል፣ «ያ ነገር» ይላል፣ ቀሪውን ሰሚው ራሱ ይወቀው። እኔ ደግሞ መካኒክ ነኝ። ቀኑን ሙሉ መኪና ሥር ተንጋልዬ ስለምውል፣ ሰው ደውሎ «እሷ አልሆነላትም» ሲለኝ የሚታየኝ ሞተር ነው። ከእናታችን ጋር የሚኖረው እሱ ነው፤ ከአባታችን የቀረችውን አሮጌ መኪና የሚነዳውም እሱ ነው። ትናንት ከሰዓት ሲደውልልኝ እጄ እስከ ክርኑ ግራሶ ነበር፤ ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ አነሳሁት።

«እሷ እኮ አቅም አጣች» አለኝ። «ዳገቱን አልወጣ ብላለች። መሃል ላይ ትቆማለች።»

«ጠዋት ነው የሚብሳት ወይስ እየዋለች ስትሄድ?»

«ጠዋት ትንሽ ትሻላለች። እየዋለች ስትሄድ ነው።»

«ድምፅስ አላት?»

«ሲር ሲር የሚል አለ።»

«ጭስስ?»

«ጭስማ ካቆመች ቆየች።»

«ዘይቷን አይተሃል?»

«ዘይት እንኳን እኔው ራሴ ቀንሼባታለሁ።»

ደሜ ፈላ። «ማን ቀንስ አለህ?»

«ይጠቅማታል ሲሉ ሰምቼ ነዋ። ደግሞ ግራ እግሯ ከብዷታል።»

እኛ ጋራዥ ውስጥ ጎማውን እግር ነው የምንለው። ግራው ፍሬን ይዟል ማለት ነው አልኩ በልቤ። «ነገ ማለዳ እመጣለሁ። እስከዛ ከግቢ እንዳታስወጣት። ዘይቷንም መልስላት» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

በማግስቱ ስደርስ እሱ ሥራ ሄዷል። እማዬ የክት ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች።

«ለባብሰሽ ወዴት ነው?» አልኳት። ጉንጯን ስሜ ሳልጨርስ ዓይኔ መኪናዋ ላይ ነበር።

ቦርሳዋን ከጭኗ አወረደች። «የትም» አለች። «መኪናዋን ልታዪ ነው?»

«አዎ። ልጅሽ ሊገድላት ነው።»

ቁልፉን ይዤ ወጣሁ። እውነትም አትስብም። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ግን አንድ ሰው ከኋላ ቀሚሷን የያዛት ይመስል ትጎተታለች። ማርሹን ነፃ አድርጌ ቁልቁለት ላይ ለቀቅኳት፤ ጤነኛ መኪና ትንደረደር ነበር፣ ይቺ ጥቂት ተንፏቃ ቆመች። ወርጄ ጎማዎቹን በእጄ ዳበስኩ። የኋላው ግራ አቃጠለኝ። ታናሼ በሕይወቱ አንድ ነገር በትክክል መናገሩ ገረመኝ።

ግቢ ገብቼ በክሪክ አነሳኋትና ጎማውን ፈታሁ፣ የፍሬኑን ታምቡር በመዶሻ እያባበልኩ አወጣሁት። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ዝጎ አልመለስ ብሏል፤ የፍሬኑ ሸራም ታምቡሩን እንደ ነከሰ ቀርቷል። በሽታዋን ስላገኘሁት ደስ አለኝ። እማዬ ወንበሯን አጠገቤ አምጥታ ቡሎኖቹን በመሃረቧ ትይዝልኝ ነበር። አንገቴን ሳላቃና ታናሼን አማሁላት። «አዎ»፣ «ተይው»፣ እያለች በአጭር በአጭሩ መለሰችልኝ። በመሃል እያረፈች ነበር የምትናገረው።

ታናሼ ለምሳ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ምንድን ነው የምትሠሪው?»

«ፍሬኗን ነዋ።»

«እማዬን ሐኪም ቤት አልወሰድሻትም?»

«እማዬን ለምን?»

«ትናንት ስለ ማን የማወራሽ መስሎሽ ነው?»

ወደ እማዬ ዞርኩ። ከንፈሯ ጠቁሯል። ቀሚሷን ከፍ ሳደርገው ግራ እግሯ አብጦ ቆዳው ተወጥሯል። ጭሱ የከሰል፣ ዘይቱ የምግብ ነበር። እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አጠገቧ ተቀምጬ ጎማ ስነካካ ዋልኩ።

ሰፈራችን ከዳገቱ ሥር ነው፣ ታክሲ ደፍሮ አይወርድበትም። ሐኪም ቤቱ ያለው አናቱ ላይ ነው። ያለችን መኪና ደግሞ በሦስት እግሯ ቆማለች። ታናሼ «ልሸከማት» ይላል፣ በሩ ድረስ ይሄዳል፣ ይመለሳል። «ዝም በልና መፍቻውን አቀብለኝ» አልኩት። ገመዱን ለመጠገን ጊዜ አልነበረም፤ ቆርጬ ጣልኩት። የእጅ ፍሬን ስለሌላት ማንም አይሞትም አልኩና፣ የተናገርኩት ቃል ራሱ አስደነገጠኝ። ጨለማ ውስጥ ቡሎን የሚያገኝ እጄ ታምቡሩን አልገጥም አለ።

«ቀስ በይ» አለች እማዬ፣ መሃረቡን እየዘረጋችልኝ። «ተረጋግተሽ ሥሪ።»

ዳገቱን ስንጀምር ነዳጅ ሰጠኋት፣ ሳበች። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ አሁንም ሳበች። ሌላ ቀን ቢሆን እንዴት ኩራት በተሰማኝ። ከኋላ ታናሼ እማዬን ደግፏት ትንፋሿ ሲር ሲር ይላል፤ እሱን እየሰማሁ የሞተሩ ድምፅ ጠፋብኝ።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሟ ቶሎ ብላ ለእማዬ ኦክስጅን አደረገችላትና ወደ እኛ ዞረች። «መቼ ነው የሚብሳቸው?»

«ጠዋት ትሻላለች፣ እየዋለች ስትሄድ ነው» አልኩ እኔ። «ዳገት ላይ አቅም ታጣለች፣ መሃል ላይ ትቆማለች። ግራ እግሯም ከብዷታል።»

እግር ስል ሐኪሟ ወዲያው ነርሷን ጠራች። ደም እግሯ ውስጥ ረግቶ ወደ ሳንባዋ የሄደ ይመስላል አለች፤ ዛሬ መምጣታችን በጀ። መርፌውን ወግታት ስትጨርስ እኔን አየችኝ።

«እንዲህ ጠይቆ የሚከታተላቸው ሲኖር ለእኛም ይቀለናል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ታናሼ አፉን ሊከፍት ሲል እማዬ ጭንብሏን ዝቅ አደረገች።

«ትናንት ሲደውልላት አጠገቡ ነበርኩ» አለች ለሐኪሟ፣ እያረፈች። «አንድ በአንድ ነው የጠየቀችው። ዘይት ቀነስክ ብላ ስትቆጣው ስሰማ ... ሌሊቱን ደስ ብሎኝ አደርኩ።»

ሐኪሟ ፈገግ ብላ ጭንብሉን መለሰችላት። እማዬ በዓይኗ ፈለገችኝ፤ እኔ ግን የግራሶ እጄን ይዤ ግድግዳውን እያየሁ ነበር።