እንግዳው የማን ነው?

«ይህን ቃል ከየት አመጣኸው?» አለች ጌታነሽ፣ ጣቷን ወረቀቱ ላይ እንደተከለች።

ዓምደ ሚካኤል ሰገግ ብሎ አየ። «የቱን?»

«‹እንግዳው› የሚለውን። ‹የመንዝ ሕዝብ የበጎችን አዙሪት እንግዳው እያለ ይጠራዋል› ብለሃል። ማነው እንዲህ የሚለው?»

«ሕዝቡ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። «አንቺ ደግሞ የበግ አገር ልጅ ሆነሽ ይጠፋሻል?»

አይጠፋትም። እንዴት ብሎ ይጠፋታል! በዚህ ሁሉ አገር አዙሪትን «እንግዳው» የሚል አንድ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም የአባቷ የአቶ ገሠሠ ቤት ነው። እሳቸው በሽታን በስሙ ከጠሩት ሰምቶ ይመጣል ብለው የሚፈሩ ሰው ናቸው። አንዲት በግ አንገቷን አጣማ ባለችበት መሽከርከር ስትጀምር፣ በረት ውስጥ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንግዳው ገብቷል» ይላሉ። ጌታነሽ ይህንኑ እየሰማች ስላደገች የአገሩ ሰው ሁሉ እንዲህ የሚል መስሏት ነበር። ተማሪ ሳለች በመስክ ጽሑፏ ላይ «የመንዝ ሕዝብ» ብላ የጻፈችውም ለዚህ ነው። ተሳስታ ነበር። ስህተቱ ግን የገዛ ራሷ ነው። አሁን ያ ስህተት፣ ከነነጠላ ሰረዙ፣ የሌላ ሰው ስም ተለጥፎበት ጠረጴዛዋ ላይ ተኝቷል።

ነገሩ የቆየ ነው። ጌታነሽና ዓምደ ሚካኤል በሌላ ከተማ፣ በሌላ ኮሌጅ፣ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። እናቷ ታማ ድንገት ወደ አገር ቤት ስትጠራ፣ ጽሑፏን «አስረክብልኝ ወንድሜ» ብላ ሰጠችው። ወንድሟ! ወንድሟ ቁጭ ብሎ ገለበጠና በቅድሚያ የራሱን አስረከበ፤ የእሷን በማግስቱ ወሰደላት። መምህሩ ሁለቱን አስተያይቶ ዘግይቶ የገባውን «ኩረጃ ነው» አለ። ዓምደ ሚካኤልም ሲጠየቅ ዓይኑን በጨው አጥቦ «እንድታየው አውሻት ነበር» አለ። እሷን የጠየቃት ሰው የለም። ኤፍ ተሰጣትና ከታናናሾቿ ጋር ዓመቱን ደገመች። ከሁሉ የከፋው ግን አባቷ ተጠርተው «ልጅዎ የሰው ሥራ ሰርቃ ነው» መባላቸው ነው። አቶ ገሠሠ ቤት ሲደርሱ፣ በረቱን እየዘጉ፣ «ከኛ ቤት የሰው የሚያነሳ አልነበረም፣ ልጄ» አሉ። ዳግመኛ አላነሱትም። ጌታነሽ ግን ይኸው አሥር ዓመት ሙሉ ትሰማዋለች።

ዛሬ እሷ ዘመሮ ዳር ባለ ኮሌጅ የእንስሳት ጤና መምህርት ናት። እሱ ደግሞ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኖ፣ ደረጃውን ለማሻሻል ቅዳሜና እሑድ ይማራል። ይህን ኮርስ ካለፈ የቡድን መሪነቱ ቦታ የሱ ነው፤ ከወደቀ ለሌላ ይሰጣል። የመጀመሪያ ቀን ክፍል ውስጥ ሲያያት እጁን ዘርግቶ «እንኳን አንቺ ሆንሽ! የማላውቀው መምህር ከምለማመጥ!» ብሎ አቅፏት ነበር። ረስቶታል እኮ! ሌላው ሁሉ ይቅርና፣ መርሳቱ ነው እሷን ያቃጠላት።

የኮርሱን ደንብ ያወጣችው ራሷ ናት፤ በዚያው ቀን ቆማ አነበበችላቸው። ፈተናው ይህን ያህል፣ የመስክ ጽሑፉ ሠላሳ ነጥብ፣ እያለች ቀጠለችና የኩረጃው ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «የተጠረጠረ ተማሪ ምስክር ባለበት የቃል ማብራሪያ ይሰጣል። ማብራሪያው ሳይዘጋ በገዛ አፉ ያመነ፣ የጽሑፉን ግማሽ ነጥብ ያገኛል። የካደ ግን ከኮርሱ በሙሉ ዜሮ ነው። ውሳኔው ለዲኑና ተማሪውን ለላከው መሥሪያ ቤት ይላካል።» ባልደረቦቿ «ያመነን ግማሽ መስጠት ምን የሚሉት ነው?» ብለዋት ነበር። እሷን ግን ያኔ «እስቲ አንቺም ተናገሪ» ያላት አልነበረም፤ ለሰው ሁሉ ያን ዕድል ልስጥ ብላ ነው። ዓምደ ሚካኤል ደንቡ ሲነበብ ኋላ ወንበር ላይ ስልኩን ይነካካ ነበር።

ታዲያ ይህ እሑድ የሱ የማብራሪያ ቀን ነው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መምህር ታዲዮስ ለምስክርነት ጥግ ይዞ ተቀምጧል።

«የት ቀበሌ ነው የሰማኸው?» አለች ጌታነሽ።

«ጓሳ ዳር ነዋ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሉት።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም! በየቤቱ ዞሬ በጆሮዬ የሰማሁት ነው እኮ። ይሄን ጽሑፍ ስንት የለፋሁበት መሰለሽ?»

እሰይ! አለች በሆዷ። ጨምር፣ ጨምርበት! የሚላትን እያንዳንዷን ቃል፣ አንዲት ሳታስቀር፣ ቀስ ብላ የማብራሪያው ቅጽ ላይ አሰፈረች።

«እንግዲህ ክዷል። ይዘጋ?» አለ መምህር ታዲዮስ፣ እንደራበው እያስታወቀበት።

መዝጋት ትችል ነበር። ዜሮ ብሎ መፈረም ብቻ ነው የቀራት። ግን ጠገበች? ኧረ የት! አሥር ዓመት የከረመ ቂም በአንድ ፊርማ ይወጣል? ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድ ብሎት፣ እንቅልፍ አጥቶ ሲገላበጥ እንዲያድር ፈለገች።

«አይዘጋም» አለች። «ቅዳሜ እንቀጥላለን። እስከዚያ አስብበት፣ ተማሪ ዓምደ ሚካኤል። ጽሑፉ ያንተ እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

ፈገግታው ያን ጊዜ ጠፋ። «የኔ ካልሆነ የማን ነው? ምን አጥፍቼብሽ ነው አንቺ?» አለ። ደግሞ እኮ የምሩን ነው።

ማክሰኞ ደወለ፤ ዘጋችበት። ረቡዕ ደወለ፤ አሁንም ዘጋችበት። ሐሙስ አልደወለም። ተስፋ ቆረጠ ብላ ደስ አላት። ቅዳሜ ጠዋት ለበዓል የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ቢሮዋ ገባች። ታዲዮስ እንኳ አይቷት «ምነው፣ ሠርግ አለ እንዴ?» ብሎ ቀለደባት። «አለ» አለችው።

በሩ ሲንኳኳ «ግባ!» አለች። የገቡት ግን አባቷ ናቸው። በርኖሳቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ሆኖ። ዓምደ ሚካኤል ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

ጌታነሽ ብድግ አለች። «አባባ! ምነው በደህና? ማን ታመመ?»

«ማንም አልታመመ። ለሽምግልና ነው የመጣሁት» አሉ አቶ ገሠሠ፣ የተሳበላቸውን ወንበር ሳያዩት። «ይኸ ልጅ ያን ክረምት ፈንጣጣ በጎቼን ሊጨርስብኝ ሲል፣ በዚያ ጭቃ መጥቶ የከተበልኝ ልጅ ነው። አሁን ‹ልጅዎ በአንድ ቃል ይዛኝ ልትጥለኝ ነው› አለኝ። አንድ ቃል ምን ይሆናል ልጄ? እንጀራውን አትዝጊበት። ተይው፣ ለኔ ስትይ።»

ጌታነሽ ዓምደ ሚካኤልን አየችው። አያፍርም! ያኔ በአባቷ ፊት አዋረዳት፤ አሁን ደግሞ እኚያኑ አባቷን ይዞ መጣ። በጥፊ ብትለው በወደደች። ወረቀቱን አነሳች።

«እሺ አባባ። እርስዎ ይፍረዱ። ያቺን ቃል ላንብብልዎት?»

«አንብቢያ።»

«‹የመንዝ ሕዝብ የበጎችን አዙሪት እንግዳው እያለ ይጠራዋል። በረት ውስጥ በስሙ አያነሱትም፤ ሰምቶ ይመጣል ብለው ይፈራሉ።›»

አቶ ገሠሠ ዱላቸውን ጨበጥ አደረጉ። «ድገሚው እስቲ።»

ደገመችላቸው። ሽማግሌው ያን ጊዜ ወንበሩን ፈልገው ተቀመጡ።

«በል እንጂ፣ የኔ ልጅ» አሉት ዓምደ ሚካኤልን፣ በለሆሳስ። «ይኸን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ከማን ሰምተህ?»

«ከሽማግሌዎች ነዋ ጋሼ። እዚያው ጓሳ ዳር ካሉት። እርስዎ ያውቋቸዋል።»

«ጓሳ ዳር ያለሁት እኔ ነኛ! እንግዳው የምለውም እኔ ነኝ! ጎረቤቶቼ እንኳ ይስቁብኛል እንጂ አንዳቸውም አይሉት። ላንተ መቼ ነገርኩህ? አንተ ስትመጣ የተማረ ሰው ነው ብዬ፣ ፈራ ተባ እያልኩ ‹አዙሪት› ነው የምልህ!»

የዓምደ ሚካኤል ዓይን ከሽማግሌው ወደ ልጃቸው፣ ከልጃቸው ወደ ወረቀቱ ሄደ። ከዚያ ትዝ አለው። ጌታነሽ ትዝ ሲለው አየችው፤ ግንባሩ ላብ ሲያወጣ፣ ከንፈሩ ሲደርቅ። አሥር ዓመት የጠበቀችው ይህን ፊት ነበር።

አቶ ገሠሠ ወደ እሷ ዞሩ። «ያኔ... ሰረቀች ብለው የጠሩኝ በዚህ ነው?»

«በዚሁ ነው አባባ።»

ሽማግሌው በዱላቸው ወለሉን መቱ። «ተናገር አንተ! ሽማግሌ አድርገህ አምጥተኸኝ የለ? እውነቱን ሳልሰማ ምኑን ላስታርቅ?»

«የእሷ ነው» አለ ዓምደ ሚካኤል፣ መሬት መሬት እያየ። «የጌታነሽ ነው። አስረክብልኝ ብላ ስትሰጠኝ ገለበጥኩት። እሷ ናት የኮረጀችው ያልኩትም እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ... እግዜር ያሳይሽ ጌታነሽ፣ ሲቆይ የኔ እየመሰለኝ ነው የኖርኩት።»

«ይበልህ!» አለች ጌታነሽ ጮክ ብላ። ደስ አላት። ምኗን ትደብቃለች? ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ደስ አላት።

አቶ ገሠሠ ተነሥተው በርኖሳቸውን አስተካከሉ። ልጃቸው አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። «ያን ለታ በረት ስዘጋ ያልኩሽን እኔ አልተናገርኩትም። አንቺም አልሰማሽውም» አሏት። መልስ ሳይጠብቁ ወደ በሩ ሄዱና ዓምደ ሚካኤልን ዞር ብለው አዩት። «ሽምግልናዬን አንስቻለሁ። ለበጎቹ ግን ሐሙስ ትመጣለህ። እነሱ ምን አጠፉ?»

በሩ ሲዘጋ ጌታነሽ ቅጹን ወደ ራሷ ሳበች። ብዕሯ ዜሮ ሊጽፍ ተዘጋጅቷል።

«ጌታነሽ» አለ ታዲዮስ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ደንብሽን አስታውሰሽዋል? ሳይዘጋ ነው እኮ ያመነው።»

እጇ ባለበት ቀረ። እውነቱን ነው። ያን እሑድ ዘግታው ቢሆን ኖሮ ሰውዬው አልቆለት ነበር። ክፍት ያደረገችው እሷ ናት፤ ላሰቃየው ብላ፣ ስስት ይዟት። ግማሹ አሥራ አምስት ነጥብ ነው፤ ከፈተናዎቹ ጋር ሲደመር ለጥቂት ያሳልፈዋል። የራሷን ስስት ረገመች።

ታዲዮስ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «እሑድ ክዷል ብለሽ ልትጥዪው ትችያለሽ። የፈለግሽውን ጻፊ፣ እኔ እፈርማለሁ። ማን ይጠይቅሻል?»

ማንም አይጠይቃትም። ያኔ ኤፍ የሰጣትንም መምህር የጠየቀው ማንም አልነበረም። ዓምደ ሚካኤልን ቀና ብላ አየችው፤ ጠላችው፤ ትናንት ከጠላችው አላነሰም። ከዚያ ጥርሷን ነክሳ «15» ብላ ጻፈች።

ዓምደ ሚካኤል ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «እግዜር ይስጥሽ! እኔ እኮ አንቺን...»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም።»

ከነጥቡ ሥር «የተኮረጀው ሥራ ባለቤት» የሚል ክፍት ቦታ አለ። ብዕሯ ወደዚያ ሲወርድ አየና ጠረጴዛውን ያዘ።

«ጌታነሽ፣ ይቺን እንኳ ባዶ ተይልኝ። ወረቀቱ መሥሪያ ቤቴ ይሄዳል። የዱሮው ነገር ከተሰማ ያን ቦታ ማን ይሰጠኛል?»

«አይስጡሃ!» አለች።

እጇ እንደ ልማዱ «መምህርት ጌታ...» ብሎ ጀመረ። ቆመች። የጻፈችውን አየችው፤ በአንድ መስመር ሰረዘችው። ከሥሩ፣ ደመቅ አድርጋ፣ «ተማሪ ጌታነሽ ገሠሠ» ብላ ጻፈችና ቅጹን ለታዲዮስ ፊርማ አቀበለችው።