የሲባጎው ወዲያኛው ጫፍ

ግንቡ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ደጋፊዎች ናቸው፤ ተከላካይ ነውና በእሱ በኩል ኳስ ቢያልፍ ሰው አያልፍም፣ ሰው ቢያልፍ ኳስ አያልፍም ለማለት ነው። አሁን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ግንቡም ተሰነጣጥቋል። ቀኝ ጉልበቱ ዝናብ መምጣቱን ከራዲዮ ቀድሞ ይናገራል። ጠዋት ከአልጋ የሚወርደው ግድግዳ ተደግፎ ነው፤ የቡድን ጓደኞቹም «ግንብ ለግንብ ተደጋገፉ» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ምን ያድርግ!

በአሥራ አምስት ዓመት አምስት ማሊያ ለብሷል። መጀመሪያ ያደገበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ክለብ ነው። ከዚያ ወደ ባቡር ክለብ ሄደ፤ እዚያ የሚያድሩት ከጥገና ክፍሉ በላይ ስለነበር ባቡር ባለፈ ቁጥር አልጋው ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀጥሎ ወደብ፤ ወደብ ላይ ጫማው ከጨው ብዛት እንደ ጣውላ እየደረቀበት ከልምምድ በፊት በውሃ ማለስለስ ነበረበት። ከወደብ ባንክ ገባ። ባንኮች ክራባት አስረውለት ፎቶ አነሱትና ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጡት። በመጨረሻ ማዘጋጃ ቤት። እዚህ ልብስ የሚቀየረው የጽዳት ሠራተኞች መጥረጊያ በሚቆለልበት ክፍል ነው፤ ካልሲ ሊያነሳ ጎንበስ ያለ ሰው መጥረጊያ ይወርድበታል። የሚያውቁት ሁሉ «አንተ እኮ አገር ያየህ ሰው ነህ» ይሉታል። አገር ማየቱን አይቷል። እሱ ግን እንዲያየው የፈለገው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ እንዳላየ ሆኖ ኖረ።

ያ ሰው አባቱ ነው። የፋብሪካውን ሜዳ ሠላሳ ዓመት የተንከባከበ፣ ሣሩን የሚያጭድ፣ የሚያጠጣ፣ መስመሩን የሚያሰምር። ሣር ማንም ያጭዳል፤ መስመር ግን እንደ እሱ የሚያሰምር አልነበረም። ኖራውን በውሃ በጥብጦ ባለ አንድ ጎማ ጋሪው ውስጥ ይጨምራል፤ ከፋብሪካው የሚያመጣውን ወፍራም ሲባጎ ይዘረጋል፤ ከዚያ ጋሪውን በሲባጎው ጠርዝ ቀስ እያለ ይገፋል። ሲባጎ ለመወጠር ሁለት ሰው ያስፈልጋል። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች ግንቡ ከትምህርት ቤት መልስ የሚውለው ሜዳ ነበር፤ ወዲያኛውን ጫፍ የሚይዘውም እሱ። አባቱ ከማዶ «ወጥር!» ይላል። ይወጥራል። «ኧረ ወጥር፣ ምሳ አልበላህም እንዴ!» ሲባጎው ጣቱን እስኪቆርጠው ይወጥራል። ነጩ መስመር ቀጥ ብሎ መጥቶ እግሩ ሥር ሲደርስ አባቱ ቀና ብሎ በዓይኑ ይጠቅሰዋል። ከዚያች ጥቅሻ የሚበልጥ ነገር በአምስቱም ክለብ አላገኘም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላው ባቡር ጠራው፤ ሄደ። አባቱ ከፋው እንጂ አልተቆጣም። በዓመቱ ግን ባቡር ለመጨረሻው ጨዋታ ወደ ፋብሪካ ሜዳ መጣ። ከማዕዘን የተሻማውን ኳስ ግንቡ በግንባሩ ገጭቶ አገባው፤ ፋብሪካ አንድ ለዜሮ ተሸነፈና ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ። ሲያገባ አልጨፈረም፣ እጁንም አላነሳም። ጎሉን ግን ማን ይመልሰዋል? ከጨዋታው በኋላ ወደ አባቱ ዕቃ ቤት ሮጠ። አባቱ ሲባጎውን እየጠቀለለ ነበር። ቀና እንኳ ሳይል፣

«የእንግዳ መውጫ በዚያ በኩል ነው» አለው።

በቃ፤ በዚህች አንዲት ንግግር አሥራ አንድ ዓመት ተበላ። ወይ እልህ! ልጁም የአባቱ ልጅ ነዋ። ፋብሪካ በሁለት ዓመቱ ተመልሶ ወጣ፤ እነሱ ግን ከኩርፊያቸው አልወጡም። ግንቡ በየዓመቱ የሌላ ክለብ ማሊያ ለብሶ ይመጣል፤ በእንግዳ በር ይገባል፣ በእንግዳ በር ይወጣል። አባቱ መስመሩን አስምሮ ጨዋታ ሲጀመር ድራሹ ይጠፋል። ወዲያኛውን ጫፍ የሚይዝለት ሰው አልፈለገም፤ የብረት ካስማ አሠርቶ መሬት ላይ ይተክልና ሲባጎውን እሱ ላይ ያስራል። ታላቅ እህቱ በመሃል ተመላልሳ ተመላልሳ ደከማት።

«አባዬ እኮ አርጅቷል፤ አንተ ቅደም» ትለዋለች።

«እሱ ይጥራኝ» ይላል።

ለአባቷ ስትነግረው ደግሞ፣ «በሩን ያውቀዋል» ይላል። «ሁለታችሁንም አንድ ላይ አስሮ መግረፍ ነበር!» ብላ ተወቻቸው።

ዘንድሮ ግን ግንቡ ቆረጠ። ጉልበቱ አልቋል፤ ይኼ የመጨረሻ ዓመቱ ነው፣ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ደግሞ በፋብሪካ ሜዳ። ማዘጋጃ ቤት ላለመውረድ አንድ ነጥብ ይበቃዋል። ያንን ነጥብ ያመጣል፤ ፊሽካው እንደተነፋ ጫማውን ያወልቃል፤ በባዶ እግሩ በባለሜዳዎቹ በር ገብቶ አባቱ እግር ላይ ይወድቃል። ያኔ የማንም ተጫዋች አይደለምና እንግዳ ነህ ሊባል አይችልም። የሚለውን እንኳ አውቶቡስ ውስጥ አጥንቶታል፤ «አባዬ፣ ጨረስኩ፤ መጣሁ።» ይህችን ለማለት አሥራ አንድ ዓመት!

ከጨዋታው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ማዘጋጃ ቤቶች ሜዳውን ሊለማመዱበት ሄዱ። ግንቡ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ከእንግዳ በር ብቅ ሲል አባቱን አየው። እንዴት አንሷል! ትከሻው ወደፊት ሄዷል፤ ሰማያዊው ቱታ እላዩ ላይ ተንጠልጥሏል። ግማሹን ሜዳ ጨርሷል፤ በግራ በኩል ያለው መስመር ነጭና ቀጥ ያለ ነው። ሽማግሌው መሃል መስመሩ ጋ ቆሟል። የሲባጎው አንዱ ጫፍ በእጁ ነው። ሌላው ጫፍ በቀኙ ዳር በኩል ሣሩ ላይ ተጋድሟል፤ ከግንቡ እግር ሃያ እርምጃ አይሞላም።

አባቱም አየው። ማየቱን ግንቡ አውቋል፤ ሽማግሌው ወዲያው ጎንበስ ብሎ የጋሪውን ጎማ መጥረግ ጀመረ። ጠረገ። ደግሞ ጠረገ። በኖራ የሚሄድ ጎማ መቼም እንደዚያ ተጠርጎ አያውቅም።

ሃያ እርምጃ! እግሩ ተነሥቶለት ነበር። ከኋላው ግን አሰልጣኙ «ና እንጂ፣ ምን ይገትርሃል!» ብሎ ጮኸ፤ ጓደኞቹም ዞር ዞር አሉ። የለበሰውን ማሊያ አየ፤ የማዘጋጃ ቤት ነው። ‹ነገ› አለ በሆዱ። ‹ነገ ጨርሼ፣ በባዶ እግሬ።› አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀ ሰው አንዲት ቀን ታቅተዋለች? ወደ ማዶው ጎል ሮጠ። ልምምዱን ጨርሰው ሲወጡ አባቱ እዚያው ቆሞ ነበር፤ ሲባጎውም እንደተጋደመ ነው።

የአሰልጣኙ ደንብ ነው፤ ከጨዋታ በፊት ባለው ምሽት የሁሉም ስልክ በአንድ ከረጢት ይሰበሰባል፣ ከረጢቱን ቡድን መሪው ይይዛል። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት ግንቡን ማንም አላገኘውም።

ሊያሟሙቁ ሜዳ ሲገቡ ግንቡ ቀጥ አለ። ሜዳው የሁለት ሰው እጅ ሥራ ነበር። ግራው ትናንት ያየው ነው። ቀኙ ግን ይወላገዳል፤ እዚህ ጋ ይወፍራል፣ እዚያ ጋ ይሳሳል፣ የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ አንዱ ጎኑ ጠቧል። ያለ ሲባጎ በጥድፊያ የተሠራ ሥራ ነው። አባቱ እንዲህ ያለ መስመር በሕልሙም አያሰምርም።

ቡድን መሪውን ክንዱን ይዞ «አባቴ የት ነው?» አለው።

«ወገቡን አሞት ቤት ተኝቷል አሉ። ከጨዋታው በኋላ ትጠይቀዋለህ።»

ቡድን መሪው ይህን ሲል ዓይኑን ሽሽት አደረገ። ግንቡ ደግሞ ሲሸሽ አይቶታል። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አይቶታል! ግን ማመኑ ቀለለው። ወገብ ነው፣ ዕድሜ ነው፣ ከጨዋታው በኋላ ቤቱ ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ አለና አመነ። እንዲያውም ይሻላል አለ፣ ሰው በሌለበት።

ጨዋታው ግራ የገባው ጨዋታ ነበር። የፋብሪካው አጥቂ አፉ የማያርፍ ሰው ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን «አባትህ ሣሩን ያጠጣል፣ አንተ ትወድቅበታለህ» እያለ ሲነዘንዘው ይውል ነበር። ዛሬ ቃል አልተነፈሰም። ግንቡ አንዴ ሲወድቅ እጁን ይዞ አነሣውና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። በየዓመቱ በፉጨት የሚቀበለው ደጋፊም ጸጥ ብሏል። «ምን ነካቸው?» አለ ለራሱ፤ ከዚያ በላይ አላሰበበትም።

በሁለተኛው አጋማሽ ጎል ተቀያየሩና አባቱ ያሰመረውን ጎን የሚጠብቀው እሱ ሆነ። ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩ ኳስ በረኛቸውን አልፋ ወደ ባዶ ጎል ተንከባለለች። ግንቡ ያንን የከዳውን ጉልበት እየጎተተ ተንሸራተተና መስመሩ ላይ ደርሶ ጠለዛት። የፋብሪካ ተጫዋቾች «ገብታለች!» ብለው ጮኹ። መስመሩ ግን እንደ ክር ቀጥ ያለ ነበር፤ የመስመር ዳኛው አላመነታም። አልገባችም። ዜሮ ለዜሮ አለቀ፤ ማዘጋጃ ቤት ተረፈ።

ጓደኞቹ ሲሸከሙት ከላያቸው ወርዶ ጫማውን አወለቀ። በባዶ እግሩ ወደ ባለሜዳዎቹ በር ሄደ፤ ማንም አልከለከለውም። የፋብሪካ ሰዎች መንገድ ለቀቁለት።

ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ደጃፍ አጣቢዋ ተቀምጣለች። ከትንሽነቱ ጀምሮ የምታውቀው፣ ስንት ጊዜ ጭቃ የበላ ካልሲውን ያጠበችለት ሴትዮ ናት። ጥቁር ሻሽ አስራለች።

«እትዬ፣ አባዬ ቤት ነው?»

«ተቀመጥ ልጄ።»

«አልቀመጥም።»

«ተቀመጥ ስልህ!»

ገባው። ደረጃው ላይ ዘጭ አለ።

«መቼ?»

«ሊነጋጋ ሲል። ልቡ ነው አሉ። እህትህ ብትደውል ብትደውል የለህም። ለቡድን መሪያችሁ ነገረችው፤ ከጨዋታው በኋላ እንነግረዋለን ብሎ ለመናት። የእኛ ልጆች ጥቁር ጨርቅ ክንዳችን ላይ እንሰር ሲሉም ‹ያውቅብናል› ተባሉ፤ ካልሲያቸው ውስጥ አስረውት ነው የተጫወቱት። ቀብሩ ነገ ነው። አንተን ሲጠብቅ ነው።»

ቡድን መሪው ከኋላው እየሮጠ ደረሰ። «ለቡድኑ ብለን ነው ወንድሜ… ይቅር በለን» አለ። ግንቡ ሊሰድበው አፉን ከፈተና ተወው። ደግሞስ ማንን ይሰድባል? ሃያውን እርምጃ የከለከለው ቡድን መሪው አልነበረም።

አጣቢዋ ወደ ውስጥ ገብታ የታጠፈ ሰማያዊ ቱታ ይዛ ወጣች። እላዩ ላይ የብረት ካስማ አለ።

«ይኼ ከኪሱ ነው የወጣው» አለች። «እኔ እኮ አልገባኝም። ትናንት ጠዋት ግማሹን እንደ ልማዱ በዚሁ ካስማ ነው ያሰመረው። ከሰዓት እናንተ ልትመጡ ስትሉ ነቅሎ ኪሱ ከተተው። ሲባጎውን እስከ እንግዳ በር ድረስ ወስዶ ዘረጋው፤ ተመልሶ መሃል ሜዳው ላይ ቆመ። ፀሐይ እስክትገባ ቆሞ ቀረ። አንጀቴን ቢበላኝ ጊዜ ‹አንተ ሰውዬ፣ በቃ እኔ ልያዝልህ› አልኩት። ‹ተይ፤ የሚይዝልኝ ሰው አለኝ› አለኝ።»

ግንቡ ካስማውን ተቀበላት። ኖራ የጠጣ ብረት ነው፤ አንገቱ ሲባጎ ሲታሰርበት ከመኖሩ ብዛት ተበልቷል።

«አይቼው ነበር» አለ።

«ምኑን ልጄ?»

«ሲባጎውን። እዚያ እግሬ ሥር ነበር።» «ወድቆበት መስሎኝ ነው፣ እትዬ። ወድቆበት መስሎኝ እኮ ነው!»

ካስማውን ደረቱ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከማዶ፣ ከእንግዳው ክፍል፣ ማዘጋጃ ቤቶች ስለተረፉ ግድግዳውን እየደበደቡ ይዘፍናሉ። አጣቢዋ ሄዳ በሩን ዘጋችና ተመልሳ አጠገቡ ተቀመጠች።